ድስት ማውጫ የነበረው ጓንት

ባለፈው ክረምት ቁም ሳጥኔን ሳጸዳ አንድ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። የከረመ ቅቤ፣ ጭስ፣ አሮጌ ቆዳ። ልጆቼ «እማዬ፣ አይጥ ሞቷል!» እያሉ አፍንጫቸውን ይዘው ሮጡ። አይጥ አልነበረም። ከታችኛው መሳቢያ፣ በፌስታል የተጠቀለለ የቤዝቦል ጓንት ነው። መዳፉን እሳት አጥቁሮታል፤ የአውራ ጣቱ ስፌት ተተርትሯል። አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ እጄን ከተትኩበት። እንባዬ መጣ፤ ሌላ ምን ይመጣል!

ጎንደርና ቤዝቦል ምን አገናኛቸው ትለኝ ይሆናል። እኔም እንደዚያው ብዬ ስቄያለሁ። ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ ማራኪ ሰፈር፣ አንድ የስፖርት መምህር ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ጋሼ ነበር የምላቸው። ጉልበታቸውን ድሮ ኳስ ሲጫወቱ ተጎድተው ነበርና ያነክሳሉ። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ የፒያሳ ፀጉር አስተካካይና ከሆስፒታል ጡረታ የወጡ ነርስ ይመጡና ከጋሼ ጋር በረንዳው ላይ ይሰየማሉ። ራሳቸውን «ማኅበሩ» ይላሉ። ሥርዓቱም የጽዋ ማኅበር ነው፤ ተራ አለ፣ ዳቦ አለ፣ ጠላ አለ። የሚወራው ግን በንጉሡ ጊዜ ፈረንጅ መምህራን ለጎንደር ተማሪዎች ስላስተማሩት ቤዝቦል ነው። ማን ወረወረ፣ ማን መታ፣ ኳሱን የትኛው ኮርቻ ሰፊ ሰፋው! ሥራ ፈቶች ናቸው ብዬ ደመደምኩ፤ ለዳቦው ስል ግን አልቀርም ነበር።

ነርሷ በልጅነታቸው ሜዳው ዳር ቆመው ያዩ ነበር። ልጆቹ ዱላውን እንደ ገና ጨዋታ ከመሬት ጠርገው እየመቱ ፈረንጁን እንዳሳበዱት ሲያወሩ ሳቅ ይገድላቸዋል። አንዴ ኳሱ ፈረንጁን ብሽሽቱ ላይ መታው። «ልጆቹ ሁሉ ባንድ ድምፅ ‹በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም!› አሉት። ተረጎሙለት። ይኸውላችሁ፣ ተኝቶ እያቃሰተ ሳቀ።»

ጓንቱ የጋሼ ታላቅ ወንድም ንብረት ነው፤ በዚያ ቡድን ውስጥ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚይዘው እሱ ነበር። እናታቸው ለዓመታት የጋለ ድስት አውጥተውበታል። እንደ ግንድ ደርቆ ስለነበር ፀጉር አስተካካዩ «ቅቤ ቀቡት» አለ። «ራስም ቆዳ ነው፣ ይሄም ቆዳ ነው። እኔን እመኑኝ፣ ሙያዬ ነው።» አመኑት። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ድመት ሁሉ በረንዳችን ላይ ከረመ።

አንድ ቀን ሁለቱ ከሄዱ በኋላ ኩባያ እየሰበሰብኩ፣ «ጋሼ፣ እንዲያው ይሄ ሁሉ ድካም ለጨዋታ ነው?» አልኳቸው።

ጓንቱን አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ ነገሩኝ። ወንድማቸው የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበር፤ እሳቸው የመጨረሻው። በደርግ ጊዜ ጠዋት መጥተው ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። እናታቸው ያን ዕለት የቤቱን ፎቶ በሙሉ ምድጃ ውስጥ ጨመሩት፤ አብረውት የተነሡት ልጆች እንዳይያዙ ብለው ነው። ጓንቱን ግን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? ድስት ማውጫ ነው።

«ፊቱ ጠፋብኝ፣ ልጄ» አሉኝ። «ድምፁን አልረሳሁም። ትከሻው ላይ ሲያወጣኝ አስታውሳለሁ። ፊቱ ጋ ስደርስ ግን ባዶ ነው። ከነዚያ ተጫዋቾች አንዱ ጋ እንኳ አንዲት ፎቶ አትጠፋም። ሳልሞት አንድ ጊዜ ባየው፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?»

ሥራ ፈቶች ማለቴን የዚያን ቀን ተውኩ።

ፀጉር ቤት ወሬ አይደበቅበትምና፣ የቡድኑ ወርዋሪ የነበሩት ሰው ቆላ ድባ ከተማ ውስጥ እህል እንደሚነግዱ ሰማን። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አራታችንም ሚኒባስ ተሳፈርን። ጋሼ ኮት ለብሰዋል፤ ፀጉር አስተካካዩ ጢማቸውን እንደ ሙሽራ ላጭቷቸዋል። «ምነው እንዲህ አማረብዎት?» ብላቸው አፈሩ። «እንግዲህ... እሱን ላየው አይደል የምሄደው» አሉ። መስኮቱን ከፍተው የደምቢያን ሜዳ ሲያዩ ሄዱ፤ አቧራው ኮታቸውን ሲያለብሰው አላራገፉትም።

ወርዋሪው ጠና ያሉ፣ ጠይም ሰው ናቸው። ጤፍ ከተደረደረበት መጋዘን አስገብተው ኩንታል ላይ አስቀመጡን። ጋሼ የማን ወንድም እንደሆኑ ሲናገሩ ሰውየው ተነሥተው አንገታቸውን አቀፏቸው፤ ቶሎም አልለቀቁም። «ሸጋ ልጅ ነበር» አሉ። «ኧረ ምን ዓይነት ሸጋ ልጅ!»

«አያ፣ ፎቶ...» አሉ ጋሼ።

«ፊት ያለበትን ሁሉ በዚህ እጄ አቃጥያለሁ፣ ወንድሜ። አንዲት ግን አለች።»

ከሳጥን ሥር በጨርቅ የተጠቀለለች ፎቶ አውጥተው ሰጧቸው። እኔ ከትከሻቸው በላይ አየኋት። ሜዳ፣ ከኋላ የድንጋይ አጥር፣ ወደ ጎን የተዘረጋ ዱላ። ፊት ለፊት አንድ ወጣት ቁጢጥ ብሎ፣ ግራ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ፣ ያንኑ ጓንት ዘርግቷል። ፊቱ ላይ ኳስ የሚከላከል የሽቦ ጭምብል አለ። ከጭምብሉ ጀርባ ጥቁር ጥላ እንጂ ምንም አይታይም።

«ይኸው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ይኸው ማስረጃው! ጎንደር ቤዝቦል ተጫውታለች ስንል ማን...» ነርሷ ጉልበቱን ያዝ አደረጉት። ማኅበሩ የፈለገውን ሁሉ አግኝቶ ነበር። ጋሼ ፎቶዋን ወደ በሩ ብርሃን አዞሯት፤ አዘነበሏት፤ ደግሞ ቀና አደረጓት። ሽቦው የሚከፈት ይመስል በጣታቸው አሹት።

«ሌላ የለም፣ አያ?»

«የለም። ይችም ፊት ስለሌላት ነው የተረፈች። ቤቴን ሲፈትሹ አገኟት። ‹ማነው ይሄ?› አሉኝ። ‹እኔ ምን አውቄ፣ ፊት አለው እንዴ?› አልኳቸው። ወርውረውልኝ ሄዱ።»

ቤት ስንደርስ ፀሐይ ልትገባ ነበር። ጋሼ ኮታቸውን ሳያወልቁ ጓንቱን አምጥተው ግቢው መሐል ቆሙ። ከዚያ በዚያ በተጎዳ ጉልበታቸው ቀስ እያሉ ቁጢጥ አሉ፤ አጥንታቸው ሲንቋቋ ሰማሁት።

«እንዲህ ነበር አይደል?»

«ትከሻዎን... የግራውን ዝቅ ያድርጉት። አዎ። እንዲህ ነው።»

«በይ ወርውሪ።»

ኳስ ከየት ይምጣ? ከግቢው ዛፍ ሎሚ ቀጥፌ ወረወርኩ። መዳፋቸው ላይ ጧ ብሎ አረፈ። መለሱልኝ፤ ደግሜ ወረወርኩ። ሎሚው እስኪፈነዳ፣ ግቢው ቅቤ ቅቤ፣ ሎሚ ሎሚ እስኪሸት ተጫወትን። በመጨረሻ መነሣት አቃታቸው። ብብታቸው ሥር ገብቼ ሳነሣቸው ፊታቸው በእንባ ርሷል። «አገኘሁት መሰለኝ፤ ፊቱን እንኳ አይደለም፣ እሱን፤ እዚህ ጉልበቴ ላይ» አሉኝ።

ወርዋሪው ይዛችኋት ሂዱ ያሉን ፎቶ ዛሬ ፒያሳ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ከመስታወቱ ጎን ተሰቅላለች። ደንበኛ «ማነው?» ሲል ፀጉር አስተካካዩ «ወንድማችን ነው» ይላል፤ ሌላ አይጨምርም።

ጋሼ ካረፉ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ጓንቱን «ለሷ ስጡልኝ» ብለው ኖሮ ባለቤታቸው ላኩልኝ። የእሳቸው ፎቶ ስልኬን ሞልቶታል፤ ለፊታቸውስ አልሰጋም። ግን ባለፈው ክረምት እጄን ጓንቱ ውስጥ ከትቼ ሳለቅስ የታዩኝ በፎቶው አልነበረም። ኮታቸውን እንደለበሱ፣ የቆላ ድባ አቧራ ትከሻቸው ላይ እንዳለ፣ ቁጢጥ ብለው «በይ ወርውሪ» ይሉኛል። እኔም አልጋው ጫፍ ላይ ሆኜ፣ የምወረውረው ፈልጌ አጣሁ።