የሩት ቀይ መኪና ግምት

የመጀመሪያውን መኪና ስገምት ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሆሳዕና ከተማ፣ ጋሽ ሸምሱ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ገና ሻጭ ሆኜ መግባቴ ነው። ጋሽ ሸምሱ ከሱቁ ጎን ለጎን ያገለገለ መኪና ይገምታል። ያን ቀን ከሀቢቾ የመጣ ፒካፕ ፊት አቁሞኝ «እስቲ አንቺ ንገሪኝ» አለኝ። ፒካፑ ያብረቀርቃል። አፌን ሞልቼ ከፍ ያለ ዋጋ ጠራሁ።

ማግኔት በመሐረብ ጠቅልሎ ሰጠኝ። በሩ ላይ ሳስጠጋው ያዘ፤ ከኋላ ጎማው በላይ ሳስጠጋው ዱብ አለ። ከቀለሙ ሥር ያለው ቆርቆሮ ሳይሆን ግጭት ለመሸፈን የተለሰነ ስቱኮ ነበር።

«የገመትሽው ቀለሙን ነው መኪናውን?» አለኝ። እኔና ደጁ ላይ የሚሠሩት መካኒኮች ሳቅን። ባለ ፒካፑ ግን አልሳቀም።

ሥራውን ማንም ክፍል አስገብቶ አላስተማረኝም። ሻንሲ ሥር ተኝቼ፣ ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተር ቁጥር ከሞተሩ ጋር እያስተያየሁ ለመድኩት። ዕቃው ስለ ተቀያየረ መኪና ጋሽ ሸምሱ እንዲህ ይል ነበር፦ «ባለቤቱ የጨመረው ለራሱ ደስታ ነው። ገዢ የሰው ደስታ አይገዛም። ግን ‹የወለቀው ኦርጅናል አለ ወይ?› ብለሽ ጠይቂ። ካለ ዋጋው ይመለሳል።»

ዓመታት አለፉ። ከዱራሜም ከሙዱላም «አማረች ትየው» እያለ ሰው ይመጣ ጀመር። የራሴ መኪና ግን አልነበረኝም። በባጃጅ እየሄድኩ የሰው መኪና እገምታለሁ።

ከዚያ ታናሽ እህቴ ሩት ባለ መኪና ሆነች። ባሏ ታምራት ከደቡብ አፍሪካ ለእረፍት መጥቶ ባለ ሁለት በር ቀይ ስፖርት መኪና ገዛ። ሞላውን በአጭር ቀየረ፣ ሰፊ ቸርኬ አስገባ፣ ማርሚታውን አስለወጠ፣ ከኋላ ክንፍ አስተከለ። ሲመለስ ለሩት ትቶላት ሄደ።

እውነቱን ልናገር፤ ቀናሁ። ሩት ፍሬንና ፍሪሲዮን የማትለይ ልጅ ነበረች። እሁድ ከቸርች ስንወጣ ሰው ይከባታል። «ጩኸቷ ሀቢቾ ድረስ ይሰማል!» ይላሉ። እኔን ደግሞ «የባለ መኪናዋ እህት» ይሉኝ ጀመር። አብሬ እስቃለሁ፤ ወዲያው ግን ባጃጅ አስቁሜ እሄዳለሁ።

መኪናዋ ዝቅ ከማለቷ የተነሣ ሆመቾ፣ እናታችን ጋ መድረስ አቃታት። ሩት ሸጣት ከሆሳዕና ሆመቾ ሰው የሚያመላልስ ሚኒባስ ልትገዛ ቆረጠች። «በሱ ልጆቼን አሳድጋለሁ። የታምራትን ስልክ ከመጠበቅም እገላገላለሁ» አለችኝ።

በእኛ ሥራ የዘመድ መኪና ለሌላ ገማች ይሰጣል። ጋሽ ሸምሱ «እኔ ልይላት» አለ።

«እህቴ አይደለች እንዴ? እኔው አያታለሁ» አልኩ።

ገዢው ከዱራሜ የመጣ ባለ ሆቴል ነበር። ማግኔቴን በየቦታው አስጠጋሁ፤ ሁሉም ቦታ ያዘ። ይህ ደግሞ የባሰ አበገነኝ።

«ሞላው የራሷ አይደለም። ቸርኬው የራሷ አይደለም። ቦሎ ስታወጣ ታስቸግርሃለች» ብዬ ዝቅ ያለ ዋጋ ጠራሁ።

«እትዬ አማረች ካለች አለቀ» አለ ባለ ሆቴሉ። እኛ ጋ ገማች ከተናገረ በኋላ መከራከር ነውር ነው።

ሩት ጠጋ ብላ «እታለም፣ ይሄ ብር ሚኒባስ ይገዛል?» አለችኝ።

«ገበያው ነው፣ የኔ እህት።»

ፈረመች።

በሳምንቱ ባለ ሆቴሉ ኦርጅናል ሞላ ፍለጋ ሱቃችን መጣ። ሩትም እኔን ልታይ መጥታ ነበር።

«እኛ ቤት አለ እኮ!» አለች ደስ ብሏት። «ታምራት ሞላውንም ቸርኬውንም በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ ጓዳ አስቀምጦታል።»

ጋሽ ሸምሱ ወደ እኔ ዞረ። «አልጠየቅሻትም?»

«ረሳሁ።»

«አንቺ ረሳሽ?»

ሩት መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ እኔን አየች። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ስለ መኪናዋ የተናገርኩት ሁሉ ልክ ነበር። የጎደለው አንድ ጥያቄ ነው፤ እሱንም ያስቀረሁት አውቄ ነው። ከዚያ ወዲህ የምቀናበትን ሰው መኪና አልገምትም።

ሩት ሁለት ዓመት ገበያ ላይ ልብስ ሸጣ ሚኒባሱን ገዛች። ከመግዛቷ በፊት ዱራሜ ድረስ ወስዳ ሌላ ሰው አስገመተችው።