ሳክስፎን በአንቀልባ፣ ከልደታ እስከ ሜክሲኮ

ከቤት የወጣሁት ጥፋቴን ልጄ ሳያይ ለማረም ነው። እግሬ መንገድ ይወዳል፤ የዚያን ቀን መንገድ ግን ፈልጌው አልሄድኩትም። በመሠረተ ትምህርት በያዝኳት ፊደል እንደ ሆነው እጽፈዋለሁ።

ልጄ ሙሉጌታ ቀን ማተሚያ ቤት ይሠራል፤ ከሥራ መልስ ሳክስፎን ይነፋል። የዚያን ዕለት በአሥራ አንድ ሰዓት አንድ የሆቴል ባንድ ሊፈትነው ቀጥሮታል። ሦስት ዓመት የጠበቀው ቀጠሮ ነው። እኔም «ልጄ የጠቆረ ዕቃ ይዞ ሰው ፊት አይቆምም» ብዬ፣ እሱ ሥራ እንደ ሄደ ሳክስፎኑን ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፤ እንደ ነሐስ ሙቀጫዬም በሎሚና በአመድ ፈተግኩት። እንደ ወርቅ አበራ! ለካ ከቁልፎቹ ሥር ቀዳዳ የሚደፍኑ ክብ ክብ ቆዳዎች ኖረዋል፤ እነሱ ተኮማትረው ግማሾቹ ውሃው ላይ ተንሳፈፉ። ብነፋው «ፍፍፍ» ብቻ። ሙሉጌታ ሊወስደው የሚመጣው በዘጠኝ ሰዓት ነው።

ሦስት ሰዓት፣ ልደታ

የሳክስፎኑን ሣጥን ሙሉጌታ እጀታውን ላሠራ ብሎ ይዞት ሄዷል። ስለዚህ ሳክስፎኑን በቆዳ አንቀልባዬ አዘልኩትና ነጠላ አለበስኩት። ልደታ ማርያምን ተሳልሜ ሳልፍ ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ አስቆመኝ።

«እማማ፣ ያዘሉት ምንድን ነው? ብረት ብረት ይላል።»

«ሙዚቃ ነው ልጄ።»

ነጠላውን ገለጥ አድርጎ አየ። «ይጮሃል?»

«እስከ ትናንት ይጮህ ነበር። ዛሬ አጥቤው ዝም አለ።»

እንዳይስቅ ከንፈሩን ነከሰ። «ይለፉ። ሲድን ለቀበሌያችን ኪነት ያስመዝግቡት።»

አራት ሰዓት ተኩል፣ ተክለ ሃይማኖት

ክራርና አኮርዲዮን የተሰቀለበት ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ሸምሱ ይባላል።

«ምን ነካው?»

«ታጠበ።»

«በምን?»

«በአመድ።»

ሸምሱ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። «እማማ፣ ሃያ ዓመት የሙዚቃ ዕቃ ስሸጥ የጣሉትን አይቻለሁ፤ ሰክረው የተቀመጡበትንም አይቻለሁ። በአመድ የታጠበ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው!»

የሚቀየረው ቆዳ ከውጭ መምጣቱን ካቆመ ቆይቷል አለኝ። ሜክሲኮ አካባቢ ግን የማርሽ ባንድ ሲያስተምሩ የኖሩ አቶ ግርማ የሚባሉ ጡረተኛ አሉ፤ እሳቸው ያውቁበታል። ማስቲሽም በትንሽ ቆርቆሮ ሰጠኝ። ዋጋውን ብጠይቀው «ለሳቅኩበት ይሁን» አለ።

አውቶቡሱ ጢም ብሏል። አንዲት ሴት «ልጅ አዝለዋል፣ አስቀምጧቸው!» ብላ ተነሳችልኝ። እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ ግን እግሬ ዝሎ ነበርና ተቀመጥኩ።

«ስንት ወሩ ነው?»

«ሰባት ዓመቱ ነው» አልኳት፤ ሙሉጌታ ከገዛው ሰባት ዓመቱ ነውና። ፊቷን አዙራ አማተበች።

ስድስት ሰዓት፣ ሜክሲኮ

አቶ ግርማ መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡት። «ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«የነፊው እናት።»

«ስንት ወታደር አስተምሬያለሁ፤ እንዲህ የጠዳ ሳክስፎን ሰልፍ ላይ አይቼ አላውቅም። አይጮህም እንጂ!» ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። «ስምንት ቆዳ ተበላሽቶበታል። የጓንት ቆዳ ነበረኝ፣ አለቀ። ለስላሳ ቆዳ ካላገኘን ልጅዎ ዛሬ አይነፋም።»

ይህን ብለው ዓይናቸው አንቀልባዬ ላይ ቀረ። ጠርዙን በጣታቸው አሹት። «ይቺን ማን እንዲህ አለሰለሳት?»

«ሙሉጌታ፤ ከሱ ቀጥሎ አራት የእህቱ ልጆች።»

ሙሉጌታ ጥርስ ሲያወጣ የነከሰው ምልክት እስከ ዛሬ ጠርዟ ላይ አለ።

«ሌላ የሚታዘል ልጅ አለ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ከዚህ በቀር የለም» አልኩና መቀሱን ከእጃቸው ተቀበልኩ። እሳቸው በሳንቲም እየለኩ አሰመሩ፣ እኔ ቆረጥኩ። ጥርሱ ያረፈበትን አልነካሁም። ለጥፈው፣ አድርቀው ሲነፉት መጀመሪያ እንደ በሬ አገሳ፤ ቆይቶ ለሰለሰ። ዋጋ ብላቸው «ልጅዎን ሰኞ ይላኩልኝ፣ ቆዳ መቀየር ላስተምረው። እርስዎ ግን ሁለተኛ ወደ ውሃ እንዳያስጠጉት» አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ቤት

ሙሉጌታ ባዶ ሣጥን ይዞ በር ላይ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እማዬ፣ ሌባ ገብቷል! ሳክስፎኔ የለም!»

ጀርባዬን አዞርኩለት።

«አዘልሽው?»

«ሲያለቅስ ጊዜ!»

ነጥቆኝ ነፋው፤ ከታችኛው ድምፅ ጀመረ። ቆም አለ። «ይቺ ድምፅ እኮ እምቢ ትለኝ ነበር! ማን ነካው?» ላስረዳው ስል ሰዓቱን አይቶ ሮጠ።

ሲመሽ እየዘለለ ገባ። «ተቀበሉኝ! የባንዱ መሪ መጀመሪያ ያለኝን ታውቂያለሽ? ‹ዕቃህን እንዴት ብትይዘው ነው እንዲህ የሚያበራው?›»

ያኔ ሁሉንም ነገርኩት። አንቀልባዋን አንስቶ ጣቶቹን በቀዳዳዎቹ አሾለከ፤ ከዚያ ሳክስፎኑ ከሚሰቀልበት ምስማር ላይ ሰቀላት።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት የሚያብለጨልጭ ሁሉ ሙቀጫ አለመሆኑን ነው። ሙሉጌታም የተማረው አለ። አሁን ሎሚ ስገዛ ካየኝ ሳክስፎኑን አቅፎ ጓዳ ይገባል። አልከፋኝም፤ ይሽሽ። የትም ቢነፋ ከአንቀልባዬ አልወረደም።