በሚያዝያ የፈላ ውሃ

ቬኒያሚን ሳቪች ከቮልጋ ወንዝ ማዶ ባለችው መንደር በሁለት ነገር ይታወቅ ነበር፤ በክፉ አፉና በስሞሮዲናው። አፉን ሰው ሁሉ ይሸሸዋል። ስሞሮዲናውን ግን፣ ያንን በሐምሌ ጥቁር ፍሬ በዘለላ በዘለላ የሚያንጠለጥለውን ቁጥቋጦ፣ የማይመኝ አልነበረም። በጓሮው አሥራ አራት ተሰልፈዋል፤ ሁሉንም ከአንድ እናት ግንድ እየቆረጠ በእጁ ነው የተከላቸው። ጎረቤት ቅርንጫፍ ሲለምነው "አንተ ሣር እንኳ አታበቅልም፣ አልሰጥህም" ይልና፣ በማግስቱ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አጥሩ ላይ ያስቀምጥለታል። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

"ነበር" ማለቴ ሞቶ አይደለም። ሞቶ ቢሆን ለሚስቱ ለካፒቶሊና ይሻላት ነበር የሚሉ አሉ፤ እንዲህ የሚሉትን ሰዎች ዓይናቸውን ማየት አልፈልግም።

መርሳት ከጀመረው ሁለት ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ መነጽሩን ያስቀመጠበትን ረሳ፣ ቀጥሎ ወንድሙ መሞቱን፣ ከዚያ የልጁን የኢንጋን ስም። ባለፈው የበረዶ ወራት ደግሞ አርባ ስድስት ዓመት አብራው የኖረችውን ካፒቶሊናን "ሴትዮ" እያለ ይጠራት ጀመር። "ሴትዮ፣ ሾርባው ጨው የለውም።" "ሴትዮ፣ መሽቷል፣ ቤትሽ አትሄጂም?"

ጓሮ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ነው። እጁ አልረሳም። ያረጀውን ጥቁር ግንድ ከአዲሱ ይለያል፤ ተባይ ገብቶበት እንደ አተር ያበጠውን እንቡጥ ቀንጥሶ ቆርቆሮ ውስጥ ይጥላል። ያኔ ቀና ብሎ "ካፓ፣ መቀሱን አቀብዪኝ" ይላታል። ካፓ! ይህችን አንዲት የቁልምጫ ስሟን ለመስማት ስትል በረዶው ጉልበት በሚደርስበት ቀን እንኳ ካፖርት ደርባለት ታወጣዋለች። ኢንጋ ከከተማ እየደወለች "እማ፣ አንቺ አትችዪውም፣ መጦሪያ ቤት እናስገባው" ስትላት መልሷ አንድ ነበር።

"ስሞሮዲናው ሥር እስካወቀኝ ድረስ የትም አይሄድም። እዚያም የማያውቀኝ ቀን ያኔ እናወራለን።"

በመጋቢት፣ በረዶው ሳይነሳ፣ እንቡጡ ገና እንደተኛ፣ የመንደሩ ሰው ስሞሮዲናውን የፈላ ውሃ ያጠጣዋል። እንቡጥ ውስጥ የተደበቀውን ተባይ የሚጨርሰው እሱ ነው። ከመታጠቢያ ጎጆው ምድጃ ላይ የፈላውን በማጠጫ ሞልቶ ፈጠን ማለት፣ እስከ አምስት እየቆጠሩ ቁጥቋጦው ላይ እንደ ዝናብ ማዝነብ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፤ በቃ። እንቡጡ አንዴ ከነቃ ግን ያው ውሃ ቁጥቋጦውን ራሱን ይገለዋል።

ዘንድሮም በቀኑ አብረው አጠጡ።

"ፈጠን በዪ እንጂ ካፓ! ለሻይ መሰለሽ እንዴ የምታበርጂው?"

"አንተ ሽማግሌ፣ መጀመሪያ ቦት ጫማህን አጥልቅ፣ እግርህ እኮ በረዶ ውስጥ ነው።"

ጎረቤታቸው ሪማ ከአጥሩ ወዲያ ብቅ ብላ "ሳቪች፣ እስቲ እኔም ላይ ትንሽ አፍስስብኝ፣ ወገቤን ተባይ ጨርሶታል!" አለችው።

"አንቺን የሚያዳርስ ውሃ ቮልጋም የለው!"

ሦስቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። ካፒቶሊና ከሳቀች ስንት ጊዜዋ!

በማግስቱ "ካፓ፣ አላጠጣንም እንዴ?" አላት። "አጠጥተናል የኔ ጌታ፣ ትናንት።" "አሃ።" ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጠየቃት። በሦስተኛውም ቀን፣ በአሥረኛውም። በረዶው ቀልጦ ጭቃ ሆነ፣ ጭቃው ደርቆ ሣር አበቀለ፣ እሱ ያንኑ ይጠይቃል። ማጠጫውን አልጋ ሥር ደበቀችውና እፎይ አለች። ስለ ባልዲው አላሰበችም።

በሚያዝያ መጨረሻ፣ ቅዳሜ ዕለት፣ የቬኒያሚን መድኃኒት አለቀ፤ ከተማ ሄዳ መግዛት ነበረባት። ሪማ ልጆቿ ዘንድ ሄዳለች። ካፒቶሊና ምሳ አብልታ አስተኛችው፤ ሁለት ሰዓት ይተኛል፣ አውቶቡሱ ደግሞ ደርሶ መልስ ከዚያ አይበልጥም። ቅዳሜ የመታጠቢያ ቀን ነውና ስትመለስ ውሃው እንዲደርስላት ምድጃውን አቀጣጥላ ወጣች። በመንገድ ላይ አውቶቡሱ ተበላሽቶ አርባ ደቂቃ ቆሙ።

የአጥሩን በር ስትከፍት ጓሮው በእንፋሎት ታፍኗል። ቬኒያሚን እጅጌውን ሰብስቦ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ ባዶ ባልዲ ይዞ ቆሟል።

"ካፓ፣ ዘገየሽ!" አላት እየሳቀ። "ብቻዬን ጨረስኩት። አንዱም አልቀረኝም!"

ቅጠሉ የአይጥ ጆሮ አክሎ ነበር። ካፒቶሊና ክው አለች። ከጉድጓድ ቀዝቃዛ ውሃ እየቀዳች መሮጥ፣ መድፋት፣ እንደገና መሮጥ ሆነ ሥራዋ። እሱ ሆዱን ይዞ ይስቅባታል። "ምን ነካሽ አንቺ፣ ተባዩን ልታድኚው ነው?"

በሳምንቱ ቅጠሉ ሁሉ ጠቁሮ ረገፈ። ሪማ መጥታ አየችና ከንፈሯን መጠጠች።

"ከሥሩ ቁረጪው ካፓ። መሬት ውስጥ ያለው ሳይነሳ አይቀርም። በሁለት ዓመት ፍሬ ታያላችሁ።"

"ሁለት ዓመት ከየት አምጥቼ?" አለች ካፒቶሊና። "እኔ ያለኝ ይህች በጋ ናት ሪማ፣ እሷም ካለች።"

ልትቆርጠው ግን አልሆነላትም። ጓሮውን እንዳያይ በሩን እየቆለፈች ከረመች። ቀኑን ሙሉ "ሴትዮ፣ ክፈቺልኝ" ሲላት ይውላል፣ እሷ ጓዳ ገብታ በሽርጧ አፏን አፍና ታለቅሳለች። ካፓ የሚላት ጠፋ። በሩን ብትከፍት የስሞሮዲናውን ሞት ያያል፣ ብትዘጋ እሷን ይረሳታል፤ የቱን ታድርግ?

አንድ ጠዋት ገንፎ ስታማስል አመለጣት። ተንደርድራ ስትደርስ ከቁጥቋጦዎቹ መሃል ቆሟል። አንዱን የደረቀ ቅርንጫፍ ሰበረ፤ ቀጭ። ሌላውን ሰበረ፤ ቀጭ።

"ማነው?" አለ። ድምፁ የድሮው ድምፅ ነበር። "ቅጠል ካወጣ በኋላ የፈላ ውሃ የደፋበት የቱ ጅል ነው?"

"አንተ ነህ" ብትለው ነገ ይረሳዋል። ግን ያቺንም አንዲት ቀን ልትጭንበት አልጨከነችም።

"እኔ ነኝ" አለች። "ቀኑ ተምታታብኝ።"

ስድቡን ጠበቀች። "ካፓ፣ አንቺ ደደብ!" ብሎ ቢጮህባት እግሩን ትስመው ነበር። እሱ ግን ከላይ እስከ ታች አያት፤ የሚያፍርባትም የሚያዝንላትም መሰለ።

"ሴትዮ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ሚስቴ ይህን ብታይ ትሞታለች።"

ካፒቶሊና ገንፎ የነካውን እጇን በሽርጧ ጠረገች።

"ካፓን ማለቴ ነው። ከተማ ሄዳለች። ሳትመለስ እንቁረጠው፣ ከሥሩ። አርጅቶብኝ ቆረጥኩት እላታለሁ፣ በአንቺ አትቆጣም። በይ እርጂኝ፣ ደግ ሰው ትመስያለሽ።"

መጋዙን አመጣችለት። እሱ ይቆርጣል፣ እሷ ግንዱን ይዛ ታጋድማለች። አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው ሲሄዱ በየመሃሉ ወደ አጥሩ በር እያየ "ቶሎ በዪ ሴትዮ፣ አውቶቡሱ ሊደርስ ነው" ይላታል፤ እሷም ቶሎ ቶሎ ትላለች።