ሞተር አጥፍቶ ሰላም የሚል ሰው

ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። ቀኑ አይገፋም፣ አይሳብም፤ የክርስትና እናት መንገድ ላይ ቀረች ብሎ የሚጠብቅ ካህንም የለም። የታናሽ ወንድሜ የደሴ ልጅ ሰማንያ ቀኗ ኅዳር መግቢያ ላይ እሑድ ዋለ። ቦታው ደረስጌ ማርያም ነው፤ ክርስትና የማነሳት ደግሞ እኔ።

እኔ አልወለድኩም። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ ሳይሆን የጉዞዬ ምክንያት ስለሆነ ነው። ደሴ ገና ሚስቱን ሳያገባ «የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና የምታነሺው አንቺ ነሽ» ብሎኝ ነበር፤ እኔም ያችን ቃል ስንት ዓመት በልቤ ይዣት ኖሬአለሁ። ሳልደርስ ብቀር ቅጽሩ ውስጥ የተገኘች ሌላ ሴት ታነሳታለች። ልጅቱ ክርስቲያን መሆኗ አይቀርም፤ የእኔ የክርስትና ልጅ መሆኗ ግን ይቀራል።

ጎንደር ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ የሰፋሁትን ለየትምህርት ቤቱ የማደርሰው በሞተር ነው። አውቶቡስ ደባርቅ ድረስ ቢወስደኝም ከዚያ ወዲያ መኪና መገኘቱ ዕድል ነው። ስለዚህ መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሁለት ሾፌሮች ጠይቄ፣ ነጩን የክርስትና ቀሚስ ከማተቡ ጋር በላስቲክ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ቅዳሜ ማለዳ ተነሳሁ።

እስከ ዳባት

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ብርዱ ጓንቴን አልፎ ጣቶቼን ያዘኝ። መንገድ ዳር ነጭ ሽንኩርት በጆንያ ተደርድሯል፤ ከወዲያ ማዶ ገብስ ይታጨዳል። አስፋልቱ ጥሩ ነበር፣ እዚህም እዚያም ከተበላው በቀር። እኔን የረበሹኝ ሞተረኞች ናቸው። ከፊት ለፊቴ የሚመጣው ሁሉ ክላክሱን ሁለት ጊዜ ይነካና ግራ እጁን ያነሳልኛል። የመጀመሪያውን ዝም ብዬ አለፍኩት። ሦስተኛው ላይ ፊቴን አጠቆርኩ፤ «ሴት ሞተር ላይ አይተው አያውቁም እንዴ?» አልኩ በሄልሜቴ ውስጥ። በዚህ ዕድሜዬ የሚለክፈኝ መኖሩ ትንሽ ደስ አላለኝም ብዬ ግን አልዋሽም።

ዳባት ሻይ በዳቦ ይዤ ስቀመጥ ነገሩን ለሻይ ቤቷ ሴትዮ አማረርኩላት። ብርጭቆ ማጠቧን ትታ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ማን መስለሻቸው ነው?» አለችኝ። «ሰላም እያሉሽ እኮ ነው። እዚህ አገር ሞተረኛ ሞተረኛን ሰላም ሳይል አያልፍም። አንቺ ስትዘጊያቸው ምን አስቀየምናት እያሉ ነው የሚሄዱት።»

ሻዩ ትን አለኝ። ጎንደር ላይ ክላክስ ማለት «ጥፋ ከፊቴ» ማለት ነው፤ ሰላምታ መሆኑን ማን ነግሮኝ። ከዳባት እስከ ደባርቅ ያለፈውን ልክሰው ብዬ ለአንድ ባጃጅ፣ ለአንድ ትራክተርና እርጥብ ፊቱን በነጠላው ይጠርግ ለነበረ ሰውዬ ሳይቀር እጄን አነሳሁ። ሁሉም መለሱልኝ።

ደባርቅና ሳንቃ በር

ደባርቅ የገበያ ቀን ነበርና መሀል መንገዱ በአህያና በበግ ተጣቧል። ሽሮ በላሁ፣ ታንኬን ሞላሁ፣ በትርፍ አንድ ጠርሙስ ቤንዚን ያዝኩ። ከከተማው ወጥቼ ወደ ፓርኩ ስታጠፍ አስፋልቱ አለቀና ጠጠሩ ጀመረ። ከዚህ በኋላ መንዳት ሳይሆን መለመን ነው፤ መሪውን እየለመንኩ፣ ጎማውን እየለመንኩ ሳንቃ በር ደረስኩ። ጥበቃ ላይ ያለው ስካውት ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝና ጭጋግ ሳይወርድ የቧሂትን ተራራ እንዳልፍ መከረኝ። ከሰዓት በኋላ በዚያ የሚያልፍ ብዙ የለም አለ።

ምክሩን ሰምቼ ወዲያው ብነሳ ጥሩ ነበር። ከሳንቃ በር ትንሽ እንደወጣሁ ግን ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን አየኋቸው፤ ሜዳውን ሞልተው፣ ተቀምጠው፣ ሳር እየነጩ እንደ አራሚ ሴቶች ይንጫጫሉ። ፎቶ ሳላነሳ ማለፍ አልሆንልሽ አለኝ። ቦታው ዳገት ላይ ያለ ጠመዝማዛ ነው፤ ከኋላ የሚመጣ መኪና ሞተሬን እንዳይደፈጥጣት ፈርቼ ከመንገዱ ዳር ካለ የአስታ ዛፍ ቅርንጫፍ ሰበርኩና ከኋላዋ መሬት ላይ ጣልኩ። ቅጠል መንገድ ላይ ከተጣለ የቆመ ተሽከርካሪ አለ ማለት መሆኑን የማያውቅ የለም። ጥንቃቄዬን ራሴው አደነቅኩት።

ሁለተኛውን ፎቶ ሳነሳ ከታች የሞተር ድምፅ መጣና አጠገቤ ሲደርስ ጸጥ አለ። ስልሳ የሚሆናቸው ሰው ናቸው፤ ጋቢያቸውን ደረታቸው ላይ አጣፍተው አስረዋል፤ የሞተራቸው ወንበር የበግ ለምድ ለብሷል። ሞተራቸውን አጥፍተው ወረዱ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ከዚያ ሰላምታ ጀመሩ። የእኔን ደኅንነት፣ የቤቴን፣ የመንገዴን ደኅንነት በየተራ ጠየቁ፤ እኔም በየተራ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ሞተሬን ምን እንደነካት የጠየቁኝ።

ምንም እንዳልነካት፣ ፎቶ እያነሳሁ እንደሆነ ነገርኳቸው። ቅርንጫፉን አዩ፣ ጭላዳዎቹን አዩ፣ እኔን አዩ።

«እንግዲያው ደህና» አሉ። «ከደህና በላይ ምን አለ?»

ተመልሰው ሞተራቸው ላይ ወጡና ቁልፉን አዙረው እንደተቀመጡ ቀሩ፤ ሞተሯ አልተነሳችም። ማስነሻዋ ከተሰበረ ሰንብቷል፤ ቁልቁለት ላይ ተገፍታ ካልሆነ አትነሳም። የቆምነው ደግሞ ዳገት ላይ ነው። እኔ በሌለ ብልሽት አስቁሜአቸው የምትሠራውን ሞተራቸውን አስጠፋኋቸው።

«ታዲያ ለምን አጠፏት?» አልኳቸው፣ ከሐፍረቴ ብዛት ቁጣ ቁጣ እያለኝ።

«ከበቅሎ ሳይወርዱ ሰላም ይባላል? ነውር አይደለም?» አሉኝ፣ በእርጋታ። «ይችም የኔ በቅሎ ናት።»

ስማቸው አያ ሞላ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሳንቃ በር እስከ ጨነቅ ካምፕ የቱሪስት እንግዳ ዕቃ በበቅሎ ሲጭኑ ኖረው፣ እንግዳው ሲቀንስ በቅሎዋን ሸጠው ሞተር ገዙ። «በቅሎዋን ሸጥሁ እንጂ ነውሩን አልሸጥሁም» አሉ። ዛሬ የሚስታቸውን ወንድም ደባርቅ አውቶቡስ አሳፍረው መመለሳቸው ነው፤ አገራቸው ከደረስጌም አልፎ ነው።

ሞተሯን ወደ ቁልቁለቱ አዞርንና ገፋን። እኔ እሮጣለሁ፣ እርሳቸው ላይዋ ሆነው ማርሽ ያስገባሉ፤ እሷ ሁለት ሦስት ጊዜ ታስልና ትተኛለች። እንዲህ እያልን ብዙ ወረድን። ፀሐይዋ እያዘነበለች ነበር፤ እኔ የማስበው ያችን ነጭ የክርስትና ቀሚስ ብቻ ነው። በመጨረሻ ሞተሯ ተነሳች። አያ ሞላ ማዞሪያ ሜዳ እስኪያገኙ ወደ ታች እየነጎዱ እጃቸውን ወደ ላይ አወናጨፉልኝ፤ አትጠብቂኝ፣ ሂጂ ማለታቸው ነው። ቅርንጫፉን ከመንገዱ አንስቼ ሄድኩ።

ቧሂት

ጨነቅን ሳልቆም አለፍኩ። ከዚያ በላይ ዛፍ የለም፤ ሳርና ድንጋይ፣ በመሀሉም ቁመቱ ከሰው የሚበልጠው የደጋ ተክል፣ ጅብራ፣ ለየብቻው ቆሟል። ዳገቱን አጋምሼ ጭጋጉ ወረደብኝ። ትንሽ እንደሄድኩ የኋላ ጎማዬ ወዲያና ወዲህ ይዋኝ ጀመር፤ ወርጄ ሳይ ጎማው ተንፍሶ ጠርዙ ላይ ተኝቷል።

መለጠፊያ አልያዝኩም። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። የምጥለው ቅርንጫፍ ፈለግሁ፤ በሌለ ችግር የሰበርኩት አስታ ችግሩ ሲመጣ ጠፋ። ነጠላዬን አውጥቼ መንገድ ዳር ባለው ጅብራ ላይ አሰርኩና ከሥሩ ተቀመጥኩ። ብርዱን አልፈራሁም። የፈራሁት ነገ ጠዋት ካህኑ ልጅቱን ከውኃው አውጥቶ ሲዘረጋ የሚቀበሏት እጆች የእኔ አለመሆናቸውን ነው። አለቀስኩ፤ ጭጋግ ስለሆነ ማንም አላየኝም።

ብዙ ቆይቶ ከታች ድምፅ ሰማሁ። የሚያስል፣ የሚንተፋተፍ ድምፅ። ከጭጋጉ ውስጥ መጀመሪያ ጋቢው፣ ከዚያ የበግ ለምዱ ወጣ። አያ ሞላ አጠገቤ ቆሙ፤ አልወረዱም፤ ሞተሯን አላጠፉም። አንድ እግራቸውን መሬት ላይ አድርገው ከነዳጅ መስጫው እጃቸውን ሳይለቁ ኮፍያቸውን በሌላው እጃቸው አወለቁ።

«ከላይ ሆኜ ሰላም ስልሽ አትቀየሚኝ፣ እታለም» አሉኝ። «አሁንም ካጠፋኋት ሁለታችንም እዚሁ ማደራችን ነው።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያን ቅርንጫፍ ባልጥል ኖሮ እኒህ ሰው ከእኔ ቀድመው ቧሂትን አልፈው፣ ይሄኔ አገራቸው ገብተው ነበር። ከኋላዬ የሚመጣ ሌላ ሰው አልነበረም። በእኔ ስሕተት የዘገዩት ሰው ናቸው ለእኔ የደረሱልኝ። ይህን ስነግራቸው በጆሯቸው ላይ ሞተሯ ስለምትጮህ አልሰሙኝም፤ ከኋላዬ ውጪ ብቻ አሉኝ።

ሞተሬን ከአንድ ቋጥኝ ጀርባ አቆምናት። ነጠላዬን ከጅብራው ልፈታ ስል ተዪው አሉ፤ ለሚያልፍ ሞተረኛ ባለቤት አላት ማለት ነው፣ አይነካትም። ቀሚሱን ደረቴ ላይ አቅፌ በበጉ ለምድ ላይ ተፈናጠጥኩ። ቁልቁለቱ ላይ ጭጋጉ ሲገለጥ አንድ ጎልማሳ ሞተረኛ ከፊታችን መጣ። ቆሞ፣ አጥፍቶ፣ ወርዶ ሰላም ሲለን አያ ሞላ ከላይ ሆነው መመለሳቸው ጨነቃቸውና ስለ ማስነሻዋ አንድ በአንድ አስረዱት። ስለ ቆመችው ሞተሬ ለጨነቅ ስካውቶች እንዲነግርልን ለመኑት፤ እሺ ብሎ ሄደ።

ደረስጌ

ስንደርስ ዓይን ለዓይን መተያየት የሚቻልበት የመጨረሻው ብርሃን ነበር። ደሴ ከበሩ ላይ ሮጦ መጥቶ አቀፈኝ፤ ሲጠብቀኝ እንደዋለ ከፊቱ አየሁት። ከዚያ ወደ አያ ሞላ ዞሮ ይውረዱ፣ ይግቡ አላቸው። እርሳቸው ከነሞተሩ ጩኸት ማስነሻዋ እንደተሰበረች፣ ደጁ ሜዳ እንደሆነ፣ ቢወርዱ የማይነሱ መሆናቸውን ነገሩት።

«እንግዲያው አይነሱም» አለ ደሴ። «ለእህቴ ደርሰውላት ከደጄ ሳይወርዱ የሚመለሱ ከሆነ ነገ ክርስትናው ምን ክርስትና ነው?»

አያ ሞላ ሞተሯን አዩ። ሊያነጋግሯት የፈለጉ መሰሉ። ከዚያ ቁልፉን አዞሩ።

ጸጥ ሲል ከቤት ውስጥ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ሞተሯ ሸፍናው ነበር እንጂ እስካሁንም ስታለቅስ ቆይታለች። የክርስትና ልጄን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት እንዲያ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ካህኑ ወለተ ሥላሴ ብለው ሰየሟት። እርጥብና ትኩስ ሆና እጄ ላይ ወደቀች፤ የቀረውን ለራሴ ላስቀረው። ቀሚሱ ሰፋት። ዩኒፎርም ሰፊ መሆኔ ጉድ አደረገኝ፤ «ሲያድጉ እንዲሆናቸው» ማስበለጥ ለምዶብኛል። የወንድሜ ሚስት እናት ለሠርጓም ይሆናታል ብለው አሳቁብኝ።

ድግሱ ሲያበቃ አያ ሞላን የመሸኘት ሥራ መጣ። ነጠላ ያጣፋ ሁሉ፣ ጠዋት የቀደሱት ካህን ጭምር፣ ከሞተሯ ኋላ ተሰለፈና በሜዳው ላይ ገፋ። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ተነሳች፤ ሴቶቹ እልል አሉ። መለጠፊያ ከጎረቤት ተዋስን፤ አያ ሞላ ከመንገዳቸው ተመልሰው ቧሂት ድረስ አደረሱኝ። ነጠላዬ ጅብራው ላይ ነበረች፣ ሞተሬም ከቋጥኙ ጀርባ። ጎማውን ስንለጥፍ የእርሳቸው ሞተር አጠገባችን እየጮኸች ቤንዚን ትጠጣለች። ትርፍ ጠርሙሴን ታንካቸው ውስጥ ሳንቆረቁር ከለከሉኝ፤ እኔም አልሰማሁም፤ ድምፅ ነበራ።

ጎንደር

ደባርቅ አድሬ ሰኞ ተመለስኩ። በመንገዱ ሁሉ ክላክሴን ሁለት ሁለት ጊዜ እየነካሁ፣ ግራ እጄን እያነሳሁ መጣሁ። ስለ መንገድ ብዙ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የማውቀው መድረስን ብቻ ኖሯል። ሰውን ቆሞ መጠየቅ ያዘገያል፤ አያ ሞላን አዘግይቷቸዋል። እኔን ያደረሰኝም ያው መዘግየት ነው።

ሰፈሬ ስገባ እማማ ተዋቡ እንደ ሁልጊዜው በራቸው ላይ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ወጥቼ ስገባ ራሴን ነቅነቅ አድርጌላቸው ነው የማልፈው፤ ስንት ዓመት። ዛሬ ፊታቸው ቆምኩ፣ ሞተሬን አጠፋሁ፣ ወረድኩ፣ ሄልሜቴን አወለቅኩ።

«ምነው ልጄ፣ ተበላሸችብሽ እንዴ?» አሉኝ ደንግጠው።

«የለም፣ እማማ። እርስዎን ሰላም ልል ነው።»

እንድቀመጥ ድንጋዩ ላይ ፈቀቅ አሉልኝ።