የሰረዝኳቸው አባት ዛሬ ማዳበሪያቸውን ጭነው ሄዱ

«ልጄ፣ እኔ አለሁ ወይስ የለሁም?»

ዛሬ ጠዋት ወረታ ያለው የገበሬዎች ማኅበራችን ቢሮ ገብተው እንዲህ ያሉኝ ከቁሐር ሚካኤል የመጡ ሩዝ አምራች አባት ናቸው። ማዳበሪያ ሊወስዱ ቢመጡ ኮምፒውተሩ ላይ የአባልነት ቁጥራቸው ጠፋ፤ ስማቸው ያለው በሌላ ቁጥር ነው።

ያጠፋሁት እኔው ነኝ።

ባለፈው ሳምንት የማኅበራችንን የገበሬዎች መዝገብ ሳጸዳ፣ ስማቸው እስከ አያት አንድ የሆኑትን ሁሉ ሁለቴ የተመዘገቡ መስሎኝ አንዱን እያስቀረሁ ሌላውን ሰረዝኩ። (ጨርሼም በራሴ ኮርቼ ነበር፤ አትሳቁ!)

ግራ ቢገባኝ የመጋዘን ሠራተኛችንን እትዬ ጥሩዬን ጠራኋቸው። ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፤ ገበሬውን ግን ከነማሳው ያውቁታል። ሰውዬውን አንድ ነገር ብቻ ጠየቋቸው።

«ማሳዎ ከማን ጋር ይዋሰናል?»

«በላይ ከቄስ ይርጋ፣ በታች ከወንዙ።»

«በይ እኒህ ሌላ ሰው ናቸው! የሞክሼያቸው መሬት መንገድ ዳር ነው።»

እዚህ አገር መሬት የሚለየው በአዋሳኙ መሆኑን የማያውቅ የለም። ቅጹን ስንሠራ ግን ማናችንም አላሰብነውም!

ወዲያው «አዋሳኝ» የሚል ዓምድ ጨመርኩ። የሰረዝኳቸውን ሁሉ ካስቀመጥኩት ቅጂ መለስኩ፤ እትዬ ጥሩዬ አጠገቤ ተቀምጠው የእያንዳንዱን አዋሳኝ ነገሩኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ወደ መዝገቡ ሳይመለስ የቀረ አንድም ሰው አልነበረም። እልል በሉልኝ!

አባታችን ማዳበሪያቸውን ጋሪ ላይ ካስጫኑ በኋላ ተመልሰው ገቡ። «የቄሱንም ስም አጥብቀሽ ጻፊው» አሉኝ፤ «እሳቸውም እንዳይጠፉ።»

እናንተስ፣ በአካል ቆማችሁ ኮምፒውተር «የላችሁም» ብሏችሁ ያውቃል? ማን መለሳችሁ?