የቁመት ልክ

ጣሊያን በወጣ ማግስት፣ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ዳር፣ የወታደር ካፖርት የደረበ ደብተራ ይቀመጥ ነበር። አሠራሩን ማየት ደስ ይላል። ክታብ በበሽተኛው ቁመት ልክ ስለሚቆረጥ፣ መጀመሪያ ሰውየውን ከራስ እስከ ተረከዝ በክር ይለካል፤ ከዚያ ብራናውን በክሩ ልክ ቆርጦ ጸሎትና የመላእክት ስም ይጽፍበታል፤ ጠቅልሎም በቆዳ ይሰፋዋል።

አንዲት እናት በትኩሳት የሚነድ ልጇን አዝላ መጣች።

«መሪጌታ፣ ቄሱ ወንጌል ይበቃዋል፣ ክታብ ጥንቆላ ነው አሉኝ። የትኛው ያድንልኛል?»

ደብተራው በገዛ አንገቱ ላይ ያለውን ክታብ ዳበሰ። ለእሱ ቁመት የተለካ አይደለም፤ ቀጭን ነው፣ የሕፃን ልክ።

«እኔ ለልጄ ወንጌሉንም አስነበብሁላት፣ ክታቡንም ጻፍሁላት።»

«እናስ፣ ዳነች?»

«ይኸው፣ ክታቧን ዛሬ እኔ አስሬዋለሁ።»

ሴትዮዋ ልጇን ከጀርባዋ አወረደችው። መቆም ስላልቻለ ደብተራው አስተኝቶ ለካው።