ቋሚ ማለት

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ልብስ ተኳሿን ሴት ሁሉም «ሽው» ነው የሚላት። ለምሳ እንኳ አትቀመጥም፤ ዳቦዋን እያላመጠች በካውያውና በአንሶላው ክምር መሀል ውር ውር ትላለች። አሥራ አንድ ዓመት ተኩሳለች። የሥራ ውሏ ግን በየስድስት ወሩ ነው የሚታደሰው። ያ ሳምንት ሲደርስ እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም፤ አለቃዋ ጉሮሮዋን በጠረገች ቁጥር ልታሰናብታት የመጣች ይመስላታል።

አንድ ቀን አምስተኛ ክፍል የምትማረው ልጇ ደብተሯን አሳየቻት። «ቋሚ» በሚለው ቃል ዓረፍተ ነገር ሥሩ ተብለው ኖሮ፣ ልጅቷ «እናቴ የሆስፒታል ቋሚ ሠራተኛ ናት» ብላ ጽፋለች። መምህሩም «በጣም ጥሩ» ብለውበታል።

«ውይ ልጄ፣ እኔ እኮ ቋሚ አይደለሁም!»

«በየቀኑ አይደል እንዴ የምትሄጂው?»

«አዎ።»

«ቀርተሽ ታውቂያለሽ?»

«የት አባቴ ልቀር!»

«ታዲያስ? ቋሚ ማለት የማይለወጥ ነው ብለውናል።»

ሽው በማግስቱ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው ዘንድ ወጣች።

«ጋሼ፣ እኔ ስለምን ቋሚ አልሆንም?»

«እህቴ፣ መደቡ እኮ ጊዜያዊ ነው።»

«ሥራው ጊዜያዊ ከሆነ፣ አንሶላው ስለምን በየቀኑ ይቆሽሻል?»

ሰውየው ሊስቅ ዳድቶት ተወው። እስክሪብቶውን አስቀምጦ «በይ፣ ማመልከቻ ጽፈሽ አምጪ» አላት።

ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደች ልጇን ማመልከቻውን አጻፈቻት።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ ልቧ አልረጋም። በየሁለት ቀኑ ደረጃውን ትወጣለች፤ ጸሐፊዋ ገና ከሩቅ ስታያት ራሷን ትነቀንቃለች። «ምን ለከፈኝ! አርፌ ብተኩስ ምን ነበረበት?» እያለች ራሷን ትረግማለች። ሐሳብ ይዟት ሲሄድም በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የትራስ ልብስ አሳረረች።

በዚያው ሰሞን አለቃዋ ወረቀት ይዛ መጣች። ሽው ክው አለች።

«ስለ ትራሱ ነው?»

«የምን ትራስ? ቋሚ ሆነሻል!»

ሴቶቹ አጨበጨቡ። ጎትተው በርጩማ ላይ አስቀመጧት። አፍታም ሳትቆይ ተነሣች።

«ተቀመጪ እንጂ፣ አሁን እኮ ማንም አይነካሽም!»

«እንጃ፣ አልቻልኩም» አለችና ካውያዋን አነሣች።

በሳምንቱ አራት የኮንትራት ሠራተኛ ሴቶች ቤቷ መጥተው ልጅቷን ማመልከቻ አስጻፏት። ለሁለቱ ተሳክቶላቸዋል። የቀሩትን የሁለቱን ጉዳይ ለመጠየቅ ዛሬም ደረጃውን የምትመላለሰው ሽው ናት።